የካዛንቺስ ዳክዬዎች

በዚህ ከተማ ፎቶ ማንሳት የት የት እንደሚከለከል ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚነገረኝ ስልኬን ካወጣሁ በኋላ ነው። ማለቴ፣ ሰው ማኪያቶውን ከየአቅጣጫው እያነሳ በሚያቀዘቅዝበት ከተማ እኔ ዳክዬ ባነሳ ማን ይጎዳል?

አዎ፣ ዳክዬ ነው ያልኳችሁ። ያውም የዱር፣ ምንቃሯ ቢጫ። ካዛንቺስ፣ ከቢሮዬ ጀርባ፣ ለሕንጻ መሠረት ተቆፍሮ ሥራው የቆመ ጉድጓድ አለ። ክረምቱ ሞላው፣ ዳር ዳሩን ሣር በቀለበት፣ አንድ ቀን ጠዋት በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሳይ እናት ዳክዬ ጫጩቶቿን አስከትላ ትዋኛለች። ቢሮ ገብቼ ባወራ ማን ይመነኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሰናይት፣ ፎቶ ካላየች እንደማታምን ነገረችኝ።

በምሳ ሰዓት ሄጄ አነሳሁ። ወዲያው ጥበቃው መጣና ክልክል ነው አለኝ። ምኑ ስለው፣ ግቢው። ያነሳሁት ግቢውን ሳይሆን ዳክዬዋን ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ዳክዬዋም ግቢው ውስጥ ናት አለኝ። ይህን ብሎ ፎርማኑን ጠራው። ፎርማኑ ጨዋ ወጣት ነው፤ ፎቶውን ደጋግሞ ሲያይ ፊቱ ፈካ።

"በጣም ያምራል ጋሼ። ለእኔ ይላኩልኝና ከዚያ ያጥፉት።"

ላክሁ። እሱ እያየ አጠፋሁ። ሰናይትም ውሸታም አለችኝ።

መስቀል እንዳለፈ ከኦሎምፒያ ስመለስ አጥሩ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ማስታወቂያ አቆመኝ። የእኔ ዳክዬ! ጫጩቶቿን አስከትላ፣ ከኋላዋ ገና ያልተሠራ አፓርታማ ተደርጎላት። "ከተፈጥሮ ጋር ይኑሩ" ይላል። ደሜ ፈላ። ጠጋ ስል ደግሞ የፓምፕ ጩኸት ሰማሁ፤ ኩሬውን መጥጠው ወደ አስፋልቱ እያፈሰሱት ነው፣ ጭቃው ላይ መቆፈሪያ ማሽን ቆሟል። ጥበቃውን ጠየቅሁት። እናቲቱ ጠዋት ወደ ስታዲየም በኩል በራለች፤ ጫጩቶቹ ግን መብረር ይችሉ እንደሆነ አላየሁም አለኝ።

ማስታወቂያው ሥር ባልና ሚስት ቆመው ነበር። ሚስትየዋ ኩሬ ያለው ግቢ ስትመኝ እንደኖረች ለባሏ ትነግረዋለች። በቃ፣ አላስቻለኝም። ኩሬው እኮ አሁን እየደረቀ ነው፣ ድምፁ አይሰማችሁም ወይ አልኳቸው።

ባልየው በአዘኔታ አየኝ።

"ሕንጻው ሲያልቅ መልሰው ይሠሩታላ" አለኝ።

ዳክዬዎቹስ ልለው ነበር። እነሱንም ይሠሯቸዋል እንዳይለኝ ፈርቼ ሄድኩ።