ጎንደር ስትደርስ የምትድን መኪና

መኪና ትወዳላችሁ? እኔ እወዳለሁ። ከልክ በላይ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ውሸት አይደለም። በደርግ ጊዜ ከሸሕዲ ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ባለ የመንግሥት እርሻ ሾፌር ነበርኩ። አዲስ ነጭ ፒክአፕ ከተረከብኩ ለታ ጀምሮ፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከሰው በፊት ሰላም የምለው እሷን ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ሁለት ወር ሳይሞላት መንቀጥቀጥ ጀመረች። ስትሮጥ ደህና ናት። ጉዱ ሚኒሞ ላይ ነው። ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሯ እየሠራ ስትቆም ትንገዳገዳለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ድርግም። ሰሊጥ ሊያጭዱ የወረዱት የጎጃም ልጆች ከኋላ ተጭነው፣ “ምነው አያ ደሴ፣ ወንፊት ላይ ጫኑን እንዴ?” ይሉኛል።

መተማ ያለ አንድ መካኒክ ወዳጄ ድምጿን ሰምቶ ካርቡራተሯን ልፍታው አለኝ። እንኳን ካርቡራተሯን ኮፈኗንም አላስነካሁት። የአንድ ዓመት ጋራንቲ አላት፤ ካርቡራተሩ ላይ የሻጩ ድርጅት እሽግ አለ። እሽጉ ከተነካ ጋራንቲው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ጎንደር፣ የድርጅቱ ጋራዥ ድረስ መውጣት ግድ ሆነ።

ጎንደር ገባን፣ ሞተሩን አስነሡ። ጸጥ። ምንም የላት። “ጉድለት አልተገኘባትም” የሚል ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ። ቆላ ስንወርድ ጀመራት። በወሩ መለስኳት፣ ዳነች። ወረድን፣ ታመመች። የደጋው አየር ተስማምቷት ይሆን እስክል ድረስ ግራ ገባኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እሱንም ከላይ የሚጠይቁት አሉ። ጋራዡ ሁለቴ ጤነኛ ናት ካለ የሚያሳምማት ሾፌሩ ነው አለ። ሦስተኛም እንዲሁ ከተባለ ቁልፉን አስረክባለሁ፣ ነገሩም በአሻጥር ይታያል። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ምሳው አይበላለትም። እኔን ግን፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ቁልፉ ነበር። እሷን ሌላ ሰው ሲነዳት ማየት አልችልም።

ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ለጋራዡ ዋና መካኒክ ለሙሉቀን ሁሉንም ነገርኩት። ሰው አገኘሁ። አብሬህ ወርጄ እዚያው ስትታመም ልያት አለኝ።

አይከልን አልፈን ቁልቁለቱን ጨረስን። ሙቀቱ መጣ፣ አዋራው ተነሣ። እንደ ልማዴ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ኮፈኗን ከፈትኩ፣ የባለቤቴን የጥሩዬን ነጠላ ከወንበር ሥር አውጥቼ አየር ማጣሪያዋ አፍ ላይ ሦስት ዙር ጠቅልዬ አሰርኩ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለኝ ሙሉቀን።

“አዋራ እንዳይገባባት ነዋ። ጎንደር ስወጣማ አወልቅላታለሁ። ተሸፋፍና ከተማ ትገባለች እንዴ? አጥቤ፣ አሳምሬ ነው የማቀርብላችሁ።”

ሞተሩን አስነሣ አለኝ። ተንቀጠቀጠች። ነጠላውን ፈታው። ጸጥ አለች። መልሶ አሰረው፣ ተንቀጠቀጠች። ፈታው፣ ጸጥ። አየር አጥታ ኖሯል! ለካ አፏን አፍኜ ይዤ ምን ሆነሽ እያልኩ ስጠይቃት የከረምኩት እኔው ነኝ። ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማፈሩስ ማፈር ነው፤ እኔን የበላኝ የእሷ ነገር ነው።

ሙሉቀን አጠገቤ ተቀመጠ። እውነቱን ብጽፍ አንተ ትጠየቃለህ፣ ብዋሽ እኔ እጠየቃለሁ አለ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ “አየር በማስገባት በኩል ችግር ተገኝቷል፤ ተስተካክሏል” ብሎ ጻፈ። ውሸት የለበትም። እግዜር ይስጠው።

ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። ችግሩ እስኪገኝ ስለ ታገልኩ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ በስብሰባ አነበበው፣ ተጨበጨበልኝ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? የጓድ ደሴ አያያዝ ለሁላችንም አርአያ ነው ብሎ ቀጠለ። “አየር ማጣሪያው ላይ ነጠላ አስሮ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ትራክተሮቹ ሁሉ እንደዚያው ይታሰሩ፣ አቡጀዲ ጨርቅ ከመጋዘን ይውጣ” አለ። ዘጠኙ የትራክተር ሾፌሮች ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ዝም ብል እዚያው ይኖራል። ግን አዝመራው ሳይነሣ ዘጠኝ ትራክተር ታፍኖ ሲንገዳገድ ታየኝ። እጄን አወጣሁና አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ፣ አሁን ነጠላውን ያመሰገነው ራሱ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። ቁልፉን አልጠየቀኝም። ምስጋናውን ልመልስ ብል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይመለስም አለኝ። ከሰዓት በኋላ በዚያው ማኅተም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ።

ሁለቱም ዛሬም ቤታችን አሉ። እንግዳ ሲመጣ ምስጋናውን የማነብ እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያውን የምታነብ ጥሩዬ ናት። ነጠላዋን ሌባ ከገመድ ላይ ወሰደው ብያት ስለነበር፣ ነጠላ የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።