«ስካን አድርገው» ባዩ ደላላ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ካለነው የቤት ደላሎች እንደ እኔ የሠለጠነ የለም። ማተሚያ ቤት ያሠራሁትን፣ በስልክ ካሜራ ሲነሣ የየቤቱን ዝርዝር የሚያወጣውን ኪውአር ኮድ በየማስታወቂያው ላይ የለጠፍኩ ቀን አፌን ከሥራ አሰናበትኩት። ደላላ አፉን ካሳረፈ ምን ቀረው ትሉኝ ይሆናል፤ ግርማ ሞገስ ቀረው።

እትዬ ዘሃራ ወሎ ያለች ልጃቸው ልትወልድ ስለደረሰች፣ የሰመራ ቤታቸውን በዚያው ሳምንት አከራይተው መሄድ ነበረባቸው። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር አምጥቼ በራቸው ላይ፣ ከለጠፍኩት ማስታወቂያ ፊት አቆምኩት።

«ውሃ አለው?» አለኝ።

«ስካን አድርገው።»

በዚያ ፀሐይ ስክሪኑ አልታይ ቢለው ፎጣውን ተከናንቦ አነበበ። «ግቢው ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለው ይላል። የታለ?»

«ከጓሮ ነው» አልኩት ሳላፍር።

ይህን ጊዜ እትዬ ዘሃራ በሩን ከፈቱ። «የምን ማንጎ ነው የምታወራው? እዚህ እንኳን ማንጎ ጥላም የለ» አሉኝና ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ና የኔ ልጅ፣ ግባና በዓይንህ እየው። ውሃው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ በርሜል ግን አለኝ።»

ሹፌሩ ገብቶ አየ፤ እዚያው ተስማሙ። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ለካ አዋሽ ያለ የሌላ ቤት ኮድ ነው እዚህ የለጠፍኩት። ቀድመህ አታየውም ነበር? ብትሉኝ፣ የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ካሜራ የለውም። ከለጠፍኳቸው ኮዶች አንዱንም ከፍቼ አላውቅም።