ወንፈል የተጠራው ባል

ሳቱርኒኖ፦ ገመዱ በላይ ነው የሚያልፈው።

ቴዮፊሎ፦ በታች ብናደርገውስ...

ሳቱርኒኖ፦ አበልጄ፣ በታች ያለፈ ገመድ ዳገት ላይ ይላላል። በላይ አልኩህ።

ቴዮፊሎ፦ ትናንት በታች አስሬው አልላላም።

ሳቱርኒኖ፦ ትናንት ምን ጭነህ ነበር?

ቴዮፊሎ፦ ምንም። ገመዱን ብቻ።

[ታርማ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ረፋድ ላይ። በሸራ የተሸፈነ ጓዝ የጫነ መኪና ቆሟል። የከተማው ፀጉር አስተካካይ ሳቱርኒኖ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመድ ይጎትታል፤ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። የመኪናው ሾፌር አበልጁ ቴዮፊሎ ከታች ሆኖ ያቀብለዋል። ቴዮፊሎ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው ይባላል፤ እሱም አምኖ ተቀብሎታል። ዛሬ ግን የሚያውቀው ነገር አለ። እንዴት ብሎ እንደሚያወጣው ቸግሮታል።]

ቴዮፊሎ፦ አበልጄ፣ ይሄ ጭነት እኮ...

ሳቱርኒኖ፦ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁህ? አልጠየቅሁም። ወንፈል የተጠራ ሰው ክንዱን እንጂ ምላሱን ይዞ አይመጣም። እንደዚያ ነው ያሳደጉን።

ቴዮፊሎ፦ ያንተ ምላስ ግን መጥቷል።

ሳቱርኒኖ፦ እሱ እግረ መንገዱን ነው። ሳበው።

[ይስባሉ። ሳቱርኒኖ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ወሬ እንደ አዲስ ያመጣዋል። ሚስቱ ሲስተር ኔሊዳ የክፍለ ሀገሩ የጤና ኃላፊ ሁኚ ተብላለች፤ ቢሮው ሌላ ከተማ፣ ዋንካዮ ነው። እሱ ከታርማ ንቅንቅ አልልም ብሏል። እሑድ ዕለትም ቤቱን ትቶላት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ማደር ጀምሯል፤ እንድታስብበት ነው አሉ።]

ሳቱርኒኖ፦ «ወይ እኔ፣ ወይ ሹመቱ» አልኳት። ምን አለች መሰለህ?

ቴዮፊሎ፦ ምን አለች?

ሳቱርኒኖ፦ ዝም። ዝምታ ደግሞ እሺታ ነው።

ቴዮፊሎ፦ የእኔዋ ዞራይዳም ዝም ብላ ነበር። ድሮ በጋሪ ሾርባ ስትሸጥ፣ «ይሄን ጋሪ ተይው፣ አሳፈርሽኝ» ብያት።

ሳቱርኒኖ፦ ይኸው። ተወችው አይደል?

ቴዮፊሎ፦ ተወችው። ምግብ ቤት ከፈተች። ቀጥላ ሌላ ከፈተች። ከዚያ ይሄን መኪና ገዛችና ሾፌር አድርጋ ቀጠረችኝ። ከዚያ ወዲህ አሳፍራኝ አታውቅም።

ሳቱርኒኖ፦ ያንተና የእኔ ለየቅል ነው። ኔሊዳን ማን ሰው አደረጋት? የክትባት ሣጥን አዝላ ከተራራ ተራራ ስትዞር ከጀርባዋ ማን ነበር?

ቴዮፊሎ፦ ሣጥኑ።

ሳቱርኒኖ፦ እኔ ነበርኩ እንጂ።

ቴዮፊሎ፦ ዳገቱን አብረሃት ወጣህ?

ሳቱርኒኖ፦ በሐሳብ። ነርስነት ስትማርስ ልጆቹን ማን ያዘላት?

ቴዮፊሎ፦ ልጆቹማ እኛ ቤት ነበሩ።

ሳቱርኒኖ፦ እኔ አይደለሁ ያመጣኋቸው? ጤና ጣቢያውን ስትይዝ ደግሞ ሐኪሞቹ «ሴት አታዘንም» አሉ። ያን ጊዜ ፀጉራቸውን አልነካም ብዬ ማልኩ።

ቴዮፊሎ፦ ይሄስ ደግ ሠርተሃል። ከዚያስ?

ሳቱርኒኖ፦ ከዚያማ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ነካሁት። እሷ በራሷ ተወጣችው።

[ቴዮፊሎ ገመዱን እንደያዘ ያስባል። ሲያስብ ያስታውቅበታል፤ አፉ ትንሽ ይከፈታል።]

ቴዮፊሎ፦ አበልጄ፣ የዋንካዮ ሰው ፀጉር አያበቅልም እንዴ?

ሳቱርኒኖ፦ ያበቅላል።

ቴዮፊሎ፦ ታዲያ?

[ሳቱርኒኖ ገመዱን ይለቅቃል።]

ሳቱርኒኖ፦ እዚህ በመንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ በስሜ ይጠራኛል። እዚያ ማን ነኝ? እፈራለሁ አበልጄ። የኃላፊዋ ባል ተብዬ በር ላይ ካፖርቷን ይዤ የምቀር ይመስለኛል።

ቴዮፊሎ፦ እኔን እኮ የዞራይዳ ባል ነው የሚሉኝ።

ሳቱርኒኖ፦ አይከፋህም?

ቴዮፊሎ፦ ምሳ ይጋብዙኛል።

ሳቱርኒኖ፦ አንተ ምን አለብህ። ለማንኛውም ዛሬ ማታ ቤቴ እገባለሁ። እሷም አስባ ጨርሳለች፤ «ሹመቱ ቀርቶብኝ» ትለኛለች፣ እኔም ይቅር እላታለሁ።

ቴዮፊሎ፦ ማታ? ማታማ ቤቱ...

ሳቱርኒኖ፦ ቆይ፣ ቆይ። ምንድነው የሚጮኸው?

[ከሸራው ሥር ሲጥ ሲጥ ይላል። እዚያ አገር ጓዳ ውስጥ አርብተው ለድግስ የሚያርዷቸው ኩይ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት አሉ፤ ድምፃቸው ይህ ነው።]

ሳቱርኒኖ፦ ኩዮቹን ሳይቀር ጭነሃል?

ቴዮፊሎ፦ ሴትዮዋ ናት ጫን ያለችኝ።

ሳቱርኒኖ፦ ሴት ናት እንዴ ጓዟን ጠቅልላ የምትሄደው? ኩይ የጫነች ሴት ለበዓል እንኳ አትመለስም፤ ይሄን ከእኔ ስማ። ባል የላትም?

ቴዮፊሎ፦ አላት።

ሳቱርኒኖ፦ እና ሚስቱ ቤቱን ነቅላ ስትሄድ ይሄ ጅል የት ሆኖ ነው?

ቴዮፊሎ፦ ጭነቱ ላይ። ገመድ እያሰረ።

[ሳቱርኒኖ መጀመሪያ ይስቃል። ሳቁ መሐል ላይ ይቆማል። የሸራውን ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ የእናቱ ቁም ሣጥን ከነሰባራ እጀታው ቁጭ ብሏል። ሸራውን ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። እዚያው ጭነቱ ላይ ይቀመጣል። ቴዮፊሎ ገመዱን ይለቅቀዋል፤ በላይም በታችም ቢታሰር አሁን ግድ የለውም።]

ሳቱርኒኖ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ቴዮፊሎ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንተ ትገባበታለህ።

ሳቱርኒኖ፦ ጥላኝ ልትሄድ ነዋ።

ቴዮፊሎ፦ እሱን እኔ አላውቅም። ብቻ ትልቁን አልጋ ጫን አለችኝ። «ብቻሽን አይደለሽ እንዴ፣ ትንሹ አይበቃሽም?» ብላት፣ «አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ።

[ሳቱርኒኖ «ትልቁን አልጋ» የሚለውን ለራሱ ደጋግሞ ይለዋል። ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈታል። ከዚያ ይነሣል።]

ሳቱርኒኖ፦ ገመዱን ፍታው።

ቴዮፊሎ፦ ልታወርደው ነው?

ሳቱርኒኖ፦ የፀጉር ቤቴ ወንበር አልተጫነም። መስተዋቱም ቀርቷል። ምን ያፈዝዝሃል፣ ፍታው እንጂ።

[ቴዮፊሎ ይፈታል። ሳቱርኒኖ ከመኪናው ዘሎ ይወርድና ፊት ለፊቱ ይቆማል።]

ሳቱርኒኖ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ቂሉ አንተ ትመስለኝ ነበር።

ቴዮፊሎ፦ ለእኔም ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ኔሊዳ «ያን ቂል ይዘኸው ና» ስትለኝ፣ ራሴን ይዤ ነው የሄድኩት። እሷ ናት «ባሌን ነው ያልኩህ» ብላ የመለሰችኝ።