ከበር ሲወጣ የሚቆሽሸው መስታወት

ተጠራጣሪን የሚያሙ ሰዎች አንድም ቀን መጋዘን ይዘው አያውቁም። እኔ ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አያት አካባቢ ለሚሠሩ ቤቶች የሲሚንቶ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ለመጠርጠር ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሙያውን ደጅ ጥሎ ይግባ?

የጠረጠርኩት ቦሌ የተከራየሁበትን ግቢ ዘበኛ፣ ጋሽ ወርዶፋን ነው። ቦታው ቪላ ሳይሆን የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን ያረሱት ሽማግሌ ናቸው። በየማለዳው ቮልሴን ያጥባሉ። እኔም ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ የፊት መስታወቱን አያለሁ፣ በጣቴም አሻለሁ፤ ንጹሕ ነው! ከበር ወጥቼ ወደ ምሥራቅ ስዞር ግን መስታወቱ ወተት የደፉበት ይመስላል። አንድ ቀን ገርጂ ላይ ከአህያ መንጋ ጋር ልላተም ስል ለጥቂት ተረፍኩ። ግቢ ውስጥ ንጹሕ፣ መንገድ ላይ ቆሻሻ? እኚህ ሰው አንድ ነገር እየቀቡብኝ ነው!

ለአከራዬ ለእትዬ ዘይነብ ነገርኩና ይባረሩልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ሳይጣራ የሰው እንጀራ አልዘጋም ብለው ሌላውን ተከራይ፣ የፊዚክስ አስተማሪውን ጠሩ። አስተማሪው ጉዳዩን እንደ ሰማ ሳቀ። ደቃቅ ብናኝ ብርሃን ሲመታው አብዛኛውን ወደ ኋላ አይመልሰውም፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ፊት ይበትነዋል አለኝ። ስለዚህ ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን ብናኙ ይደበቅብሃል፤ ከብናኙ ወዲህ ተቀምጠህ ፀሐይን ስትጋፈጥ ግን ብርሃኑ ሁሉ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ጥሩ፣ ብናኙን እዚያ ማን ተወው ታዲያ? አልኩት። እንዲህ በቀላሉ የምለቅ መሰለው?

ቮልሷን ወደ ፀሐይ አዙረን ጋሽ ወርዶፋን መሪው ጋ አስቀመጥናቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና መስታወቱን ከውስጥ በኩል በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩን። ጣታቸው ቡናማ ሆኗል። የእኔ የሲጋራ ጭስና ከልብሴ የረገፈ ሲሚንቶ ነበር። ከዚያ በትሕትና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ አንድ ቀን ሰጥተውኝ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አልሰጠኋቸውም። ሬዲዮኑን ይነቅሉታል ብዬ ስለምፈራ በሩን ቆልፌ ነበር የማሳጥበው። እትዬ ዘይነብ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ወርዶፋን ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቁልፉን እሰጣቸዋለሁ። ውስጡን ጠርገው እስኪጨርሱ ድረስ ታዲያ እኔም ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አያለሁ። ለመስታወቱ ብዬ ነው እንጂ የሬዲዮኑ ነገርማ በጭራሽ አላሳሰበኝም።