እምቢ ያላልኩላቸው ዶሮዎች

ሰው ድስት ይዋሳል። መሰላል ይዋሳል። ለለቅሶ ወንበር፣ ለሠርግ ድንኳን ይዋሳል። ዶሮ ይዋሳል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም ለመብላት አይደለም፤ ለማሳየት። እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ቀብሬያለሁም። ስለዚህ ዛሬ ድምፄ ትንሽ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ። ተናድጃለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮልፌ በአንድ የእህል መጋዘን ቁልፍ ያዥ ሆኜ ነው። ቁልፍ ያዥ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይቆልፋል፤ ተመልሶ ይነካዋል፤ ቤቱ ደርሶ ደግሞ ይጠራጠራል። ጡረታ ስወጣ የምጠራጠረው ነገር አጣሁ። ባለቤቴ ዘነበች ቀኑን ሙሉ የቤታችንን በር ስነካካ አይታ፣ እባክህ አንድ ሥራ ያዝ፣ አለዚያ በእኔው ላይ ልትቆልፍ ነው አለችኝ። ዶሮ ያዝኩ። ቀጥሎ ደግሞ ቀራንዮ አካባቢ ያለ አንድ ማሰልጠኛ የከብትና የዶሮ እርባታ ያስተምራል ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ። የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም። ስም ጠርቶ ማን ሰላም ይተኛል?

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ትልቅ ሰው የልጄ እኩያ ነው። ሁሉም «ፋዘር» ይሉኛል። አሰልጣኛችን ዘሪሁን ትሁት ልጅ ነው፤ ብዙ ያውቃል። ችግሩ፣ የሚያውቀውን የሚያሳይበት እንስሳ የለውም። ላም ማለብ የተማርነው በጓንት ነው። የላስቲክ ጓንት ውሃ ሞላበት፣ ጣቶቹን በመርፌ በሳ፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንጠለጠለው፤ ተሰልፈን አለብን። ትርሲት የምትባል ሰልጣኝ፣ ይቺ ላም አትራገጥ፣ መኖ አትጠይቅ፣ እሷኑ ራሷን ሽጡልኝ ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ዘሪሁንም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ዶሮ እንኳ ነበራቸው። በዓል መጣና ሄደ፤ ዶሮዎቹም ከበዓሉ ጋር ሄዱ። በሽታ ፈጃቸው የሚል አለ። ሽንኩርት ፈጃቸው የሚልም አለ። እኔ ያላየሁትን አልመሰክርም።

ያም ሆኖ ተማርኩ። ከሁሉ በላይ አንድ ትምህርት ሆዴ ገባ። የአንዱን ቤት ዶሮ ከሌላው ቤት ዶሮ አትቀላቅሉ። ፈንግል የሚባለው በሽታ በጫማ ይገባል፣ በልብስ ይገባል፣ በቅርጫት ይገባል። ከገባ በኋላ ዶሮዋ ታንቀላፋለች፣ አንገቷን ትጠመዝዛለች፣ ያበቃል። ለቁልፍ ያዥ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? በዚያው ቀን ሳፋ ውስጥ ጆንያ አነጠፍኩ፣ በረኪና ያለበት ውሃ አፈሰስኩበት፣ የግቢው በር ላይ አስቀመጥኩት። ጫማውን ያልነከረ አይገባም። ለክትባትም ተመዝግቤ ወረፋ መጠበቅ ያዝኩ።

የጸሎት ቡድናችን በየሳምንቱ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ሁሉም ነከሩ። ወንጌላዊው ግን አዲስ ቡናማ ጫማ አድርጎ መጥቶ ነበርና፣ ጌታ ይጠብቃቸዋል ብሎ ሊያልፈኝ ሞከረ። ጌታማ ይጠብቃል፣ በር ላይ ያቆመው ግን እኔን ነው አልኩት። ነከረ። ጫማው ጫፍ ጫፉ ነጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቀዝ ብሏል። ይቀዝቅዝ። ዶሮዎቼ ደህና ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘሪሁን ቤታችን መጣ። ማንም ሳይነግረው ጫማውን ነከረ፤ ደስ አለኝ። ሻይ ቀረበለት፤ አይጠጣም፣ ብርጭቆውን ብቻ ያዞረዋል። በመጨረሻ ተነፈሰው። ከበላይ እንግዶች ሊጎበኙ ነው። የዶሮ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ተብሏል። ዶሮ ያላቸው ሰዎች ለአንድ ቀን ያውሱን ተብሏል።

«አባባ፣ በሰፈሩ ዶሮ የሚመስሉት የእርስዎ ብቻ ናቸው» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። አትቀላቅሉ ያለኝ ያው አፍ እኮ ነው። የገዛ ትምህርቱን ልጠቅስለት ተነሳሁ። ግን ሰውየው ቤቴ ድረስ መጥቷል። አስተምሮኛል። አንገቱን ደፍቷል። ዘነበች ከጓዳ ብቅ ብላ ታየኛለች፤ ዓይኗ «እንዳትሰጥ» ይላል። ይሉኝታ ግን ከሚስት ዓይን ይበረታል። ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ?

«ምን ችግር አለው፣ ለአንድ ቀን አይደል?»

ለአንድ ቀን። እሳት ቤታችሁን ለአንድ ቀን አውሱኝ ቢል ትሰጡታላችሁ?

እንዳይቀየሩብኝ እግራቸው ላይ ቀይ ክር አስሬ በካርቶን ወሰድኳቸው። ሌላው ሰማያዊ ክር አስሮ አመጣ፤ ሌላዋ የነጠላዋን ጥለት ቀድዳ አሰረች። የኮልፌውም የሳንሱሲውም ዶሮ አንድ ቤት ታጎረ። አንዲት ነጭ ዶሮ ጥግ ይዛ ታንቀላፋለች። ዘሪሁንን በክርኔ ነካ አድርጌ አሳየሁት። አያትና ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

እንግዶቹ መጡ። አንዱ ይህ ክር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የማሰልጠኛው ኃላፊ ዓይኑን ሳያሽ፣ በዝርያ ለይተናቸው ነው አለ። እንግዳው አድንቆ ጻፈው። ይኸውላችሁ፣ ዘነበች ከሹራብ የተረተረችው ቀይ ክር ዝርያ ሆኖ ቀረ።

ማታውኑ ወደ ቤት መለስኳቸው። ሳምንት አልሞላቸውም፤ ማንቀላፋት ጀመሩ። ከዚያ አንገታቸው ተጠመዘዘ። አንዷ፣ ጠዋት በር ስከፍት ቀድማ የምትወጣውና ጫማዬን የምትነክሰው፣ እግሬ ሥር ወድቃ ሞተች። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ኖራ ነስንሼ ቀበርኳቸው። አቀባበሩንም ያስተማረኝ ዘሪሁን ነው። ሦስት ብቻ ተረፉ። ዘነበች ከየእግራቸው የፈታችውን ቀይ ክር አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። የእኔን በክር ጣሏቸው።

ወደ ማሰልጠኛው ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ ልክ ናችሁ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ፣ ታክሲ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ በመስታወት እስኪያየኝ ድረስ እየተሳደብኩ ነው የሄድኩት። ዘሪሁን ባዶውን ዶሮ ቤት ሰጋቱራ ሲጠርግ አገኘሁት። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩበት። አስተማሪ ነህ ወይስ በሽታ አመላላሽ አልኩት። እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ያለውን ስሙልኝ።

«አባባ፣ እኔ እኮ እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ወንጌላዊ ያስነከሩ ሰው እኔን ይፈራሉ ብዬ በምን ልጠርጥር? ሰውየው እምቢ አሉ ብዬ ለኃላፊው ልነግረው፣ ነገሩም እዚያው ሊቀር ነበር።»

ራስህ እምቢ አትልም ነበር ወይ አልኩት። አለቃዬን እንዴት አድርጌ አለኝ። አለቃህስ አልኩት። እሱም አለቃ አለው አለኝ።

ይህን ስሰማ ይብስ ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ሌላው እምቢ እንዲልለት እየጠበቀ ነገሩን ወደ ታች ይለቀዋል። ሲወርድ፣ ሲወርድ እኔ ጋ ደረሰ። ከእኔ በታች ያሉት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

ባለፈው ሳምንት ዘሪሁን እንደገና መጣ። ሌላ ጉብኝት አለ። ሦስቱንም ቢሆን ይስጡን ተብሏል። በዚህ ዕድሜዬ እምቢ ማለት እንዲህ የሚከብድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አልሰጥም» አልኩት።

የልጁ ፊት በራ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ፣ እባክዎ ይህንኑ ለኃላፊው ይበሉልኝ አለኝ። አልኩት። ኃላፊው እፎይ ሲል ትንፋሹ በስልክ ተሰማኝ። አባታችን አንዴ ይቆዩኝ አለና የእሱን አለቃ አገናኘኝ። እሱንም እምቢ አልኩት። እሱም አመሰገነኝ። እንግዶቹ ባዶውን ዶሮ ቤት ጎብኝተው ሄዱ። ማንም አልሞተም። ሦስቱ ዶሮዎቼም ይኸው መሬት ይጭራሉ።

ትናንት ደግሞ የብየዳ ክፍሉ አሰልጣኝ ሰው ላከብኝ። አላውቀውም፤ አይቼውም አላውቅ። የማይሆን ነገር ታዞ ኖሮ፣ እባክዎ መጥተው እምቢ ይበሉልኝ ይላል። ዘነበች ምን አግብቶህ አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለ ብየዳ እኔ ምን አውቄ? አልመጣም በለው ብዬ ልመልሰው ነበር። ግን ሰውየው ቤቴ ድረስ ልኮብኛል፤ እንዴት እምቢ ይባላል?

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።