የመጠባበቂያ ቅጂው ጠባቂዎች

የመሥሪያ ቤታችንን የመጠባበቂያ ቅጂ ጠባቂ ኮሚቴ ሳያመሰግን የሚያልፍ ብዕር ይድረቅ። አምስቱም አባላት ሁለት ሁለት ጤነኛ ዓይን አላቸው፤ ለመመረጥ የተጠየቁትም ይህንኑ ብቻ ነበር።

ከኮሚቴው በፊት ሥራው የጋሼ መዝገብ ነበር፤ የዓይነ ስውሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ኮምፒውተራቸው የተጻፈውን እያነበበ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ማዳመጫቸውን አጥልቀው በየዓርቡ የሠራተኛውን የጡረታ ማኅደር በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣሉ። ሁለት መንታ የሚመስሉ ዲስኮች ነበሯቸው። ቅጂው ያለበትንና ተጠርጎ ተራውን የሚጠብቀውን ለመለየት በብሬይል ጽፈው ለጥፈውባቸዋል። እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ዓመት አንድም ፋይል አልጠፋባቸውም። ይህ ሁኔታ ኮሚቴውን በእጅጉ አሳሰበው።

“ቅጂው መኖሩን በምን ያውቃሉ?” አሉ ሰብሳቢው።

“ኮምፒውተሩ ይነግረኛላ! ደግሞም መልሼ ከፍቼ እሞክረዋለሁ።”

“በዓይንዎ አይተውታል?”

“እንዴት አድርጌ?”

“አላዩትም። ይጻፍ!”

ሰኞ ዕለት ታሪካዊ ውሳኔ ተላለፈ። ቅጂው ያለበት ዲስክ ሁሉም ሰው እያየ እንዲጠብቀው መግቢያው ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ይቀመጥ፤ ጋሼ መዝገብም ለራሳቸው ደህንነት ሲባል ወደ ስልክ ማዞሪያ ይዛወሩ። ጸሐፊዋ የዝውውር ደብዳቤውን በዚያው ኮምፒውተር ጻፈች፤ ወረቀት ላይ ማውጣቱና ማኅተሙ ለማግስቱ ተቀጠሩ። ከሁለቱ ዲስኮች ትንሽ ይበልጥ የሚያብረቀርቀው ተመርጦ ወደ ሣጥኑ ገባ። ሌላው የስብሰባ ጠረጴዛው አጭር እግር ሥር ገባና ጠረጴዛው መወዛወዙን አቆመ። በዚያ ዓመት ተግባራዊ የሆነ ውሳኔ ይህ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ፤ ጠጋኝ ተጠርቶ ቢያስነሳውም በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ዲስኩ በአጀብ ከመስታወቱ ወጣ፤ ጠጋኙ ሰካው።

“ምንም የለበትም” አለ።

ሰብሳቢው ዲስኩን ነቅለው አገላበጡት። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አንድ ወር ነው፤ የሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው ያለው እዚያው ማኅደር ውስጥ ነው።

ጋሼ መዝገብ ዲስኩን በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። “እዚህ ላይ ‘ባዶ’ ይላል እኮ።”

“የታል?” አሉ አምስቱም አጎንብሰው።

ሌላውን ፍለጋ አሥር ዓይን መሳቢያ ለመሳቢያ ተሯሯጠ። ጋሼ መዝገብ ግን ደክሟቸው ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ ክንዳቸውን አሳረፉ። “ይሄ ጠረጴዛ ድሮ ይወዛወዝ አልነበር?” አሉና ጎንበስ ብለው እግሩን ዳበሱ። ዲስኩን መዘው አወጡት።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ማዳመጫቸውን አጥልቀው ኮምፒውተሩን ልክ ዓርብ እንደነበረው መለሱት።

“የጎደለ አለ?” አሉ ሰብሳቢው፣ ነፍሳቸው መለስ ብላ።

“ሰኞ የጻፍኩት ደብዳቤ ብቻ” አለች ጸሐፊዋ። “ጋሼን የሚያዛውረው።”

ኮሚቴው ደብዳቤውን እንደገና ለማርቀቅ ወዲያውኑ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ግን ወዲያና ወዲህ እያለ ቃለ ጉባኤ ያዡን መስመር አስቶ ስብሰባው ተበተነ።

በማግስቱ ሰብሳቢው መዝገብ ቤት ብቻቸውን ብቅ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ጋሼ፣ ለጠረጴዛው አንዱን ዲስክ ቢሰጡን። ብቻ ባዶውን ይምረጡልን፤ እኛ አይታየንም።”