ሦስት ሰው፣ ሁሉም ዋና

ሰው ሥራ ሳያገኝ ሹመት የሚያገኝበት ቦታ ቢኖር አዲስ የተከፈተ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው። ሌላው ሕዝብ መጀመሪያ ይሠራል፣ ቀጥሎ ይሾማል። እነዚህ ግን ወንበር ሳይገዙ ሊቀመንበር ይመርጣሉ። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የእናንተም የአጎት ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

የእኛን «ዋናው» እንለዋለን። ስሙን የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት። ክቡር መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ኩባንያው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ታች የስፌት መኪናው በተነሳ ቁጥር ላይ ያለው ጠረጴዛ ይንዘፈዘፋል። በጠረጴዛው ቀኝ የዋናው የልጅነት ጓደኛ ፕሮግራመሩ ይቀመጣል፤ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ ነው። በግራ የአክስቱ ልጅ አለች፤ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ፣ ፋይናንሱ ገና መንገድ ላይ ቢሆንም። ተራ ሠራተኛ የሚባል ዘር እዚያ አልበቀለም።

«መጀመሪያ መዋቅር!» ይላል ዋናው፣ ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ። «መዋቅር የሌለው ኩባንያ አከርካሪ የሌለው ሰው ማለት ነው።»

ያንን አከርካሪ ተሸክሞ የጎበጠው ፕሮግራመሩ ነው። የፕሮግራሙ አንድ መስመር ሳይጻፍ ቢዝነስ ካርድ ታተመ። እሱ የደረሰውን ካርድ ከነፓኮው፣ እግሩ ያጠረውን ጠረጴዛ ደገፈበት። አምፖሉ የተቃጠለ ዕለት ደግሞ ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ነው ወይስ የፋይናንስ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። በጨለማ ሲከራከሩ ልብስ ሰፊው መሰላሉን ይዞ ወጣ፣ ቀየረላቸው፣ ወረደ። ዋናው «የውጭ አማካሪ» ብሎ በቃለ ጉባኤ አስመዘገበው።

አንድ ቀን እናቱ ልታያቸው መጣችና ጠየቀች፦ «አንተ አስፈጻሚ ከሆንክ፣ ፈጻሚው ማነው ልጄ?»

ዋናው ፕሮግራመሩን በአገጩ አመለከታት።

«ውይ በሞትኩት! ለካ ለዚህ ነው የከሳው።»

እንግዲህ ባንክ ቤት ፕሮግራመሩን ጠርቶ «ፕሮግራመር እንፈልጋለን» ሲለው፣ ዋና የለ፣ ምን የለ፣ ፕሮግራመር ብቻ፣ ልቡ ቢሸፍት ይፈረድበታል? መልስህን እስከ ማክሰኞ ማታ አሳውቀን ብለውታል። ለዋናው ትንፍሽ አላለም።

ማክሰኞ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ።

ኩባንያው የሠራው ወረፋ አስያዥ ፕሮግራም ነው፤ ታማሚ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ተራ ይይዛል። ደንበኛቸው ደግሞ አንዲት የጥርስ ሐኪም ብቻ ናት። እሷ የሄደች ቀን መዋቅሩም ከነአከርካሪው ይሄዳል። ስልኩ ይጮሃል፣ ማንም አያነሳም። ምክንያቱም ዋናው በገዛ እጁ «ይህን ስልክ የሚያነሳው ዋና የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ ብቻ ነው» ብሎ ለጥፎበታል። ቦታው ግን ክፍት ነው፤ ለቦታው የሚመጥን ሰው አልተገኘም።

«ላንሳው?» አለች የአክስቱ ልጅ።

«የሰው ሥልጣን እንዳትነኪ!»

ብዙም አልቆየም፣ ሐኪሟ ከነነጭ ጋወኗ በሩን በርግዳ ገባች።

«ሞታችሁ እንደሆነ ልቀብራችሁ ነው የመጣሁት። ስልክ አይነሳም እንዴ?»

«ዶክተር፣ ቦታው ክፍት ሆኖ...»

«ክፍትስ የታማሚዎቼ አፍ ነው! ፕሮግራማችሁ ለሁሉም አንድ ተራ ሰጥቶ በር ላይ ሊፈነካከቱልኝ ነው። እስከ ማታ ካልተስተካከለ የድሮ የወረፋ አግዳሚዬን እመልሳለሁ፣ ከእናንተም ጋር በዚሁ ይብቃን።»

ፕሮግራመሩ አስቸኳይ ስብሰባ ሲጠብቅ ዋናው ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ። «አንተ ጠግን» አለውና ሐኪሟን ተከትሎ ወጣ። መዋቅር የሚል ቃል ካፉ አልወጣም።

ፕሮግራመሩ ስህተቱን አድኖ አስተካክሎ ክሊኒኩ ሲደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ዋናው በሩ ላይ ቆሟል፤ እጅጌው ተሰብስቧል፣ በአንድ ክንዱ የማያውቀውን ሕፃን ታቅፏል። የሚያድለውን ቁራጭ ወረቀት ፕሮግራመሩ ጠጋ ብሎ ቢያየው የራሱ የዋናው ቢዝነስ ካርድ ነው፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ተራ ተጽፎበታል።

«እማማ፣ ቀጣይዋ እርስዎ ነዎት። አይፍሩ፣ የዶክተሯ እጅ ለስላሳ ነው። አባባ፣ እርስዎ ከእሳቸው ቀጥሎ፤ እስከዚያ እዚህ አረፍ ይበሉ።»

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ እዚህ ምንድን ነህ?» አለችው ጉንጯ ያበጠ ሴትዮ።

ፕሮግራመሩ ጆሮውን አቆመ። ሹመቱ ሊዘረዘር ነው።

«ተራ አስከባሪ ነኝ፣ እናቴ።»

ሐኪሟ ፕሮግራመሩን ወደ ጥግ ሳበችው። «ከእናንተ ጋር እቀጥላለሁ። ፕሮግራሙ ግን ሲበላሽ ስልክ ባታነሱም ግድ የለኝም፤ ይሄን ሰውዬ ብቻ ላኩልኝ።»

ቢሮ ሲመለሱ ዋናው ኮቱን ለበሰ፤ ከኮቱ ጋርም ሥልጣኑ ተመለሰ። «ክቡራን ኃላፊዎች፣ ለደንበኞች ጉዳይ ብቁ ሰው ተገኝቷል።»

«ማን?» አለች የአክስቱ ልጅ።

«እኔ። በተደራቢነት።»

«እሰይ! አሁን ብቻህን ተሰብሰብ።»

የፕሮግራመሩ ሞባይል ጮኸ። ባንክ ቤቱ ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አመሰግናለሁ፣ ግን አልመጣም። እዚህ ኃላፊነት አለብኝ» አለ።

«ማነው እሱ?» አለ ዋናው።

«ተሳስተው ነው።»

ከዚያ ጎንበስ አለ። ከጠረጴዛው እግር ሥር ያንን ፓኮ ሳበ፣ አቧራውን እፍ ብሎ አንዲት ካርድ አወጣና ደረት ኪሱ ከተታት።

ጠረጴዛው ወዲያው ተንገዳገደ። ጉዳዩ የየትኛው ክፍል እንደሆነ እስካሁን እየተሰበሰቡበት ነው።